ሁለት ፔሶ

ደሞዝ በገባ ማታ፣ ልጄ ስትተኛ፣
ገንዘቤን ዘርግቼ እሆናለሁ ዳኛ።
አንዱ ፖስታ ለሩዝ፣ አንዱ ለቤት ኪራይ፣
አንዱ ለመብራቱ፣ ለውሃውም ጉዳይ፣
አራተኛው ፖስታ፣ ከሁሉም የከሳው፣
የመንገዴ ነው እሱ፣ ሁሉን የሚያስነሳው።
እሱ ካልሞላማ ከየት ይመጣል ሩዝ?
ሥራ ቦታ ሳልደርስ ማን ያመጣል ደሞዝ?

እንግዲህ ቁጠሪ፣ ሊጋያ፣ ቁጠሪ፣
በእርሳስ የጻፍሽውን በላጲስ አባሪ።
ከቤት እስከ አስፋልቱ ባለሦስት እግሩ፣
ከዚያ ጂፕኒ ላይ ከነግርግሩ፣
ከዚያ ደግሞ ባቡር፣ ሦስት ፌርማታ ብቻ፣
ከዚያ ልብስ ስፌቱ፣ ከወንዙ ዳርቻ።
ሄጄ ስመለስ ደግሞ በሁለት ይባዛል፣
ሃያ ስድስት ቀን ሲሆን ጭንቅላት ያፈዛል።

ማኒላ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ሌላ ጣጣ፤
ጎርፉ ጉልበት ሲደርስ ዋጋው እጥፍ ወጣ።
ውሃ ውስጥ ቆሞ ማን ይከራከራል?
"ለዝናብ" የሚል መስመር ደብተሬ ላይ ይጨመራል።

ባለፈው ሐምሌማ፣ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ፣
የመጨረሻውን መንገድ በእግሬ አልኩኝ።
ሁለት ፌርማታ ነው፣ ምን አለበት ብዬ፣
የተረፈችውን ሳንቲም ጣሳ ውስጥ ጥዬ፣
ወር ሙሉ ሄድኩበት፤ ጣሳው አቃጨለ።
ደስ ብሎኝ ሳበቃ ሶሉ ተነቀለ።
ሰፊው ማንግ ኢስኮ ጫማዬን ገልብጦ
"ይኼ አልቆለታል" አለኝ፣ ፍርዱን ቆርጦ።
የጣሳውን ሁሉ ለሱ አስረከብኩት፤
በእግሬ ያተረፍኩትን በእግሬው ከፈልኩት።

ግን ይኼን አይደለም ልነግራችሁ ያልኩት።

የወሩ መጨረሻ፣ ዓርብ ጠዋት፣ ገና ሳይነጋ፣
ፖስታውን ገለበጥኩ። ሁለት ፔሶ ጎደለ።
ሁለት ፔሶ ምን ናት? ከረሜላ አትገዛም፣
መንገድ ላይ ብትወድቅ ወገብ አታስጎነብስም።
ስትጎድል ጊዜ ግን፣ ድንጋይ ሆና ከብዳ
ባዶ ኪሴ ውስጥ ተቀመጠች፣ ያልተጠራች እንግዳ።
ጎረቤት ልጠይቅ? ሰዓቱ ረፈደ።
ልቅር? የአንድ ቀኑ ከደሞዜ ሄደ።

ተሳፈርኩ። ከኋላ፣ በሩ ጥግ ተሸጉጬ፣
ያለችኝን ሳንቲም በላብ ጨብጬ።

ጂፕኒ ላይ ደግሞ፣ ለማያውቀው ሰው፣
በሁለት አግዳሚ ፊት ለፊት ተያይቶ ነው።
ወያላ የለውም፤ በር ጥግ ያለ ሰው
ሳንቲሙን ለጎኑ ነው የሚያቀብለው፤
ያም ለሚቀጥለው፣ ከመዳፍ መዳፍ፣
እሳት ለማጥፋት ባልዲ እንደሚያልፍ።

"ሂሳብ" አልኩ፣ ድምፄ ከጉሮሮ ሳይወጣ።
ተማሪው ተቀበለኝ፣ ሙዚቃውን ከጆሮው ሳያወጣ።
ከሱ ለአሣ ሻጯ፣ ቅርፊት ለተጣበቀበት እጇ፣
ከሷ ለአንዲት እናት፣ ጭኗ ላይ ተኝቷል ልጇ፣
ከሷ ለዘበኛው፣ የሌሊት ተረኛ፣
ከሱም ለአዛውንቱ፤ ያ ነው አምስተኛ።
ሾፌሩ ተቀበለ። በአውራ ጣቱ ቆጠረ።
ልቤ ከሞተሩ በላይ ተንደረደረ።
በመስታወቱ አየኝ። በቃ፣ አሁን ነው።
"ልክ ነው" አለና ማርሹን ቀየረው።

ልክ ነው?

ሦስቴ ቆጥሬያለሁ ከቤት ሳልወጣ፤
ሁለት ፔሶ ጎድሏል። ታዲያ ከየት መጣ?

አንድ በአንድ አየኋቸው።
ተማሪው ለዘፈኑ ራሱን ይነቀንቃል፣
ዘበኛው አፉን ከፍቶ እንቅልፉን ይለጥጣል፣
አሣ ሻጯ የጎማ ጫማዋን ታያለች፣
እናቲቱ የልጇን ላብ ትጠርጋለች፣
አዛውንቱ መስኮት፤ መስኮቱ ዝናብ።
ከአምስቱ አንዱ ነው። ማን እንደሆን ላስብ?

ማታ ደብተሬን ከፍቼ እርሳሴን ቀረጽኩ።
ወጪ እንዳልለው አላወጣሁ፣ ገቢ እንዳልለው አልተቀበልኩ።
"ዕዳ" ብዬ ጻፍኩ። ካበዳሪው ስም ስደርስ
እርሳሴ ቆመ።
መዳፌን ወረቀቱ ላይ አሳርፌ፣ ዙሪያውን እያሰመርኩ፣
አንዱን ባንዱ ላይ እየደረብኩ
አምስት እጅ ሣልኩ።

ጠዋት ታላ አይታ፣ "እማ፣ ይኼ የማን እጅ ነው?" አለች።
"የመንገድ ወጪ" አልኳት።
ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ፣ ቦታ ካገኘሁ፣ ከሾፌሩ ጀርባ ነው የምቀመጠው፤
የሁሉም ሳንቲም በመዳፌ ነው የሚያልፈው።
እቆጥራለሁ፣ ሳላይ፣ በጣቴ።
እስካሁን የጎደለበት አላገኘሁም።
ፖስታው ጥግ ሁለት ፔሶ አለች፤ ዝናብም ቢጥል አትነካም፤
ሂሳቡ አልተዘጋም።