ድንገተኛ

ስምሽን ያወጣው የቸኮለ ሰው ነው፣
«ድንገተኛ» ያለሽ ቁርጠት የቀሰፈው፤
ሆዱን ይዞ መጥቶ ሥርሽን ቆርጥሞ፣
ላቡን ጠርጎ ሄደ ጉድጓድሽ ላይ ቆሞ።

እኔ ግን አውቃለሁ፤ ድንገት አታውቂም፤
ስትበቅይ ዝግ ብለሽ፣ ስትሞቺ አትጮሂም።

ከአልዩ አምባ ቁልቁል፣ ከግራዋው ጥላ፣
ከችግኝ ጣቢያችን ከመጋዘን ኋላ፣
ሁለት እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ ጥቁር አፈር
በወንፊት ነፍቼ በከረጢት ስሰፍር፣
ካቻምና ኅዳር ነው ዘርሽን ያገኘሁ፤
ከገደል አፋፍ ላይ ሰላሳ አንድ ቆጠርሁ፤
ጠቅልዬ በደብተር ቅጠል፣ በኪሴ፣
ስተኛም ስነሳም አብራቸው ነፍሴ።

አሥሩን እንዲሁ ዘራሁ፤ ዝም አሉ።
አሥሩን በፈላ ውኃ ነክሬ አሳደርሁ፤ አበጡ፣ ሸተቱ፣ አልበቀሉ።
አሥራ አንድ ቀረኝ።
የደብረ ብርሃኑ ባለሙያ በስልክ «ቅርፊቱን በአሸዋ ወረቀት ፋቂ» አለኝ።
የአሸዋ ወረቀት ከየት? ተረከዜን የምፈገፍግበት
ድንጋይ ነበረኝ፤ በእሱ አሸሁ፣ አንድ ባንድ፣ ማርያም ማርያም እያልሁበት።

አንድ ሳምንት። ሁለት። ሰባት።

ሸዋንግዛው አለፈ፣ ዶማው በትከሻው፤
ሥር ማሽ ነው፣ ቅጠል በጣሽ፤ ገደሉ ነው እርሻው፤
ሥርሽን በቃጫ አስሮ፣ አምስቱን በሃምሳ፣
ሲሸጥ የኖረ ሰው። «ምነው» አለ፣ «አሸዋ ታጠጫለሽ በጣሳ?»
ሳቀ።
እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ።

በስምንተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ፣ ገና ሳይነጋ፣
ሦስቱ አፈር ተሸክመው ቀና አሉ፣ በሽተኛ እንደሚነሳ ከአልጋ።
አንዷን ፌንጣ በላት። አንዷ በበልጉ ዝናብ ጠቆረች።
አንዷ ቀረች።

አንዷን፣ ሁለት ክረምት ውኃ ለክቼ፣ ጭድ ጎዝጉዤ፣
ከፍየል በእሾህ ከልዬ፣ ከሰው ዓይን ደብቄ ይዤ።
በሩብ ዓመቱ ሪፖርት፣ ግራቪሊያ አሥራ ሁለት ሺህ፣ ዋንዛ ሦስት መቶ፤
አንቺ «ልዩ ልዩ፦ አንድ» ተባልሽ፣ በእርሳስ፣ ግማሹ ጠፍቶ።

የጥቅምት ሌሊት ነው፤ በሩ ተደበደበ።
ሸዋንግዛው ቆሟል፤ ላቡ በግንባሩ ተንጠበጠበ።
«ውብርስት... ልጄ... ሆዷን... አንድ ሥር ከቤቴ አጣሁ፤
ገደሉን በባትሪ አሰስሁት፤ የራሴን ጉድጓድ ብቻ አግኝቼ መጣሁ።»

አንቺን አየሁ። እሱን አየሁ።
ባትሪው በመካከላችን ተንቀጠቀጠ፤
ሁለት ክረምት የጠበቅሁት አፈር በጣቴ ተላጠ።
አልነቀልሁሽም። ጎንሽን ዳብሼ ፈልጌ
አንዲት የጎን ሥር ቆረጥሁ፣ ከንፈሬን በጥርሴ አድርጌ።
«ይህን በመንገድ ታኝክ፤ አንተ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጥ» አልሁት፤
የጎረቤቴን የኑርዬን ባጃጅ ቀስቅሼ ከነልጁ ሰደድሁት።

ልጅቷ ዳነች። በመርፌው ይሁን በሥርሽ፣ እኔ አልፈርድም፤
ሐኪሙ የራሱን ያምናል፣ አባትየው የራሱን፤ ሁለቱንም አልክድም።

አንቺ ግን ገረጣሽ፤ በሳምንቱ ቅጠልሽ ረገፈ፤
ያሳደግሁት ሁለት ክረምት በሰባት ቀን ታጠፈ።
ጭራሮሽን ከፋፈልሁት፤ ስድስት ቁራጭ፣ በሰያፍ፣ ከአንጓ በታች፤
በእርጥብ አሸዋ ተከልሁ፤ ለእያንዳንዷ ግማሽ ሃይላንድ ጎጆ ሆነች።

ትናንት ሸዋንግዛው መጣ፣ ከወንዝ አሸዋ ተሸክሞ፤
ጣሳዬን አነሳ። አጠጣ። አልሳቀም፤ አልተናገረም ደግሞ።
ከአምስቱ ጎጆ ሥር ጭራሮ ብቻ ነው። ከስድስተኛው ጤዛ ማዶ
አንድ አረንጓዴ ነጥብ አለ፤ ቡቃያ ይሁን ሻጋታ፣ ዓይኔ ለመፍረድ ከብዶ።
«ሥር ይዞ እንደሆን ነቅለን እንየው?» አለኝ፤
እጁን ይዤ አስቀመጥሁት። ልማድ ነው፤ ገባኝ።

ተቀመጥን፣ ሁለታችን፣ በጆንያው ላይ፣
ድንገት የማይሆነውን ልናይ።