ሰባት ሰከንድ

ጡረታ ሲወጣ ታኔሊ በኦውሉ፣
ለሄልሚ አስረከበ ስክሪፕቱን በሙሉ፤
ኮድ መጻፊያው ላይም ሃያ አንድ ተሰኪ፣
መስመር መቶ አራት ላይ፦ «ይህቺን አትንኪ»።

መስመሯ ምንድን ናት? «ሰባት ሰከንድ ቁም።»
ፋይል አትጠራም፣ ስህተት አትለቅም፤
ትቆጥራለች፣ በቃ። ሰባት እስኪሞላ
ግንባታው ደጅ ይጠናል፣ ቆሞ ከሷ ኋላ።

ሄልሚ ገና ወጣት፣ ሰከንድ ያስቆጫታል፤
በመቶ ግንባታ ሲባዛ ይታያታል።
ሰረዘቻት። ሮጠ። አረንጓዴ በራ።
ያ ሁሉ ፈተና አለፈ በተራ።

ከንክኗት ደወለች፦ «ምን ትሠራ ነበር?»
ሳቀ። «ወንዙ እኮ ይታያል ከዚያ ወንበር፤
በረዶው ሲሰነጠቅ ሚያዝያው እንዳያልፈኝ፤
ማሽኑን ባላቆም እኔን ማን ሊያሳርፈኝ?
ሌላ ሚስጥር የለም፣ በከንቱ አትድከሚ፤
ሰርዘሻት ከሆነም ደግ አደረግሽ፣ ሄልሚ።»

ማታ ቢሮው ሲጎድል ብቻዋን ቀረች፣
ሃያ ሁለተኛ ተሰኪ ሠራች፤
ቅንብሩ ላይ ያለው አንዲት ሳጥን ናት፣
«ወንዝ» የምትል ብቻ፣ ማብራሪያ የሌላት።

ጠቅ አደረገቻት።
        ወንበሯን አዞረች።