ጥር አሥራ ሰባት

ነሐሴ ነው፣ ቡሬ፤ መብራቱ ሄዶ መጣ፣ ሄዶ መጣ፣
በሦስተኛው የማዳበሪያ መዝገባችን ከነኮምፒውተሩ ነፍሱ ወጣ።
ይርሳው ከመሳቢያው በፌስታል የጠቀለላትን ዲስክ አውጥቶ፣
«ጥር አሥራ ሰባት ያነሣሁት ምስሉ አለ» አለኝ፣ ገመዱን ሰክቶ።

አሥር በመቶ። አርባ። ሰባ ላይ ቆመ፤ እኔም መተንፈስ አቆምሁ፤
ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ከዝናቡ በቀር ምንም አልሰማሁ።

ተነሣ!
ሁሉም ጥሩ ነው። ሁሉም ጥር ነው።

በመጋቢት የከፈለው ሁሉ እንደገና ባለዕዳ፤
እትዬ ይታይሽ ደረሰኟን ከመቀነቷ ፈትታ ብትመጣ ነገ ማልዳ
«ማሽኑ ገና ሁዳዴ አልገባም» ልበላት?

አያ አንሙትም አሉ፤ ሁለት ኩንታል ዩሪያ፣ ፊርማ፦ አውራ ጣት፣
ሁኔታ፦ «አባል»፣ ዕድሜ፦ ሰባ ሦስት።
በሚያዝያ ነው የቀበርናቸው። ስማቸውን የሰረዝሁት እኔው ነኝ፣
በዚሁ ጣት፣ በዚሁ ቁልፍ።

«የጎደለውን ከወረቀት አስገቢ» ብሎኝ ይርሳው ሄደ፣ ጃንጥላውን ይዞ።
ደረሰኝ በደረሰኝ መጋቢትን ሞላሁ፣
እትዬ ይታይሽን ከዕዳ አወጣሁ፤
አያ አንሙትን ግን አልነካኋቸውም፣
ዝናቡ እስኪያባራ ይጠለሉ ብዬ።