ያልሰፋሁት ቀዳዳ

ስለ ጉግስ ታሪክ ሽማግሌ ጠይቅ፣
እኔ ቆዳ እንጂ ሌላ ነገር አላውቅ።
የሞላሌ ጋሻ፣ እኔ ያላለፋሁት፣
ማንገቻ ያልሰፋሁት፣ ጠርዙን ያልጠቀምኩት፣
የለም።

አባቴ ይል ነበር፦ «ድሮ ይህ ጨዋታ
ለዘመቻ ነበር፣ ልምምድ ጧት ማታ፤
ተጉለትና መንዝ በዘንግ ተደባድቦ
ጦር የመጣ ለታ ይወርዳል ተሰብስቦ።»
እሱም ከሰው ሰምቶ ነው። ፈረስ አልነበረው።

በቃና ማግሥት ነው ሥራዬ የሚበዛ፣
ከደጄ ይጣላል ጋሻው ከነጤዛ።
እቤቴ አይገቡም፣ «ዓይኑ ይበላል» ብለው፣
ከአጥር ማዶ ሆነው ያዙኛል ቆመው።
እኔስ ምን ልጠይቅ? ቆዳ ያወራኛል፤
የዋሉበትን ውሎ ጣቴ ያነበዋል።
ጠርዙ ላይ የጫረ፣ ያ ፈረሱን አዙሯል፤
እምብርቱ የጎበጠ፣ ያ ቀጥ ብሎ መክቷል፤
ጭረት አልባው ጋሻ የፎካሪው ነው፣
ከሜዳው ዳር ውሎ ጠጅ ያሰከረው።

ሕጉ አጭር ነው፦ አንዱ ጋልቦ ይሸሻል፣
አንዱ ዘንጉን ይዞ ጀርባውን ይሻል፣
ሸሺው ጋሻውን ወደ ኋላ ይመልሳል፣
ደግሞ ይዞራሉ፣ አሳዳጁ ይሸሻል።
ዘንግ ብረት አያውቅም። እንጨት ነው፣ የወይራ።
ሰው ይስቃል፣ ሴት እልል ትላለች፣ ፈረስ ያሽካካል፣ አቧራ።

በአንበጣው ዓመት ግን ዳማው ለብቻው መጣ፣
ኮርቻው ተንጋዶ፣ አፉ አረፋ ያወጣ።
እንግዳሸት የለበትም።
ወደቀ አሉ ሹሙ፣ ወደቀ አሉ ቄሱ፣
ደረቱን ሲደቃ የዋለው ወንድይራድ ነበር፣ እሱ፣
ከሞፈር ውሃ ማዶ፣ በአንዲት ቁራሽ መሬት፣
ሟቹን ሲከስ የኖረ ስድስት ሰባት ክረምት።

አርባው ሳይወጣለት ማዘንጊያ፣ ሚስቱ፣
ጋሻውን ሰደደች፦ «ስፋው፤ ይደርሰዋል ለልጁ ከአባቱ።»
ጉልበቴ ላይ ደፋሁት። ጣቴን አዞርኩበት።
ከእምብርቱ ዝቅ ብሎ፣ በግራ፣ አንድ ቀዳዳ አለበት።
ወይራ ቆዳን ሲመታ ይልጣል፣ ያቆስላል፣
ጠርዙ እንደ ሸንበቆ ተሰንጥቆ ይቀራል።
ይህ ግን ጥርት ያለ ነው፣
ወስፌዬ የምትተወው፣
አውራ ጣት የሚያስገባ ብቻ።

ያኔ ትዝ አለኝ።
ከከተራ በፊት ወንድይራድ መጥቶ ነበር፣
ዘንጉን በአጥር አቀበለኝ፦ «ጫፉን በቆዳ ለብጠው፣ እንዳይሰበር።»
ከበደኝ።
ወይራ እንዲህ አይከብድም፣ እጄ ያውቀዋል፤
የጌታን ዘንግ ደግሞ ማን ይመረምራል?
ሰፋሁት። አጥብቄ። በሁለት ድርብ ክር።
ለማን ልናገረው? ፋቂ ቢመሰክር
የሚሰማው ውሻው ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ማዘንጊያ ራሷ መጣች፣
አጥሩን አልፋ ገባች፣
ከወገኔ ውጭ ጣራዬ ሥር የቆመ የመጀመሪያ ሰው።
ጋሻውን አንሥታ ወደ በሩ ብርሃን ያዘችው፣
በቀዳዳው አየችኝ። በአንድ ዓይን። ብዙ ቆየች።
«ተወው፣ አትስፋው» አለች።
ላልሠራሁት ሥራ ግማሽ ቁና ገብስ ከደጃፍ አኑራ ሄደች።

አሥራ አራት ጥምቀት አለፈ።
ልጁ ጢም አበቀለ፣ የዳማውን ዘር ለጎመ፣
ያንን ጋሻ አንግቶ ከሜዳው መሀል ቆመ።
ፀሐይ በቀዳዳው ሾልካ
ነጠላው ላይ አረፈች፣ ጠገራ ብር አህላ።
ፊት ለፊት ሲጋልብ የነበረው ወንድይራድ
ልጓሙን ሳበ።
ዘንጉን ጣለ። ወደ ሰላድንጋይ መንገድ
ፈረሱን አዞረ፣ ማንም ሳያሳድድ።

በማግሥቱ ጋሻ ከደጄ ተቆለለ፣
የእሱ ብቻ የለ።

ከዚያ ወዲህ ወስፌ ባነሣሁ ቁጥር ልጁ ይታየኛል፤
ስለ ቀዳዳው አይደለም፣ እሱን ያውቀዋል፤
አንድ ቀን ከአጥሩ ቆሞ
ስለ ክሩ ይጠይቀኛል።