ዘረፋ

ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ቡሬ፣ ሰባት የብየዳ ቤት፣
አንድ ትራንስፎርመር ይጠባሉ፣ እንደ ጥጆች ካንድ ጥገት፤
ያንዱ ብየዳ ሲጭር፣ የሌላው አምፖል ይፈዛል፤
ዛሬ አምፖል ያፈዘዘ፣ ነገ እኔ ዘንድ ኤሌክትሮድ ይገዛል።

እኔ ከጥጉ ላይ ነኝ። ብሎን በኪሎ፣ ዳዶ በፍሬ፣
ኩሽኔታ ከነቅባቱ፣ ቺንጋ በሜትር ቸርችሬ
እኖራለሁ። ምስጢር አልጠይቅም፤ ምስጢር በእግሩ ይመጣል፤
የሚገዛውን ካየሁ፣ የሚሠራው መች ያመልጣል?

እንየው በጥቅምት መጣ። "አራት ኩሽኔታ" አለኝ፣
"ባለሁለት መቶ አምስቱን። ለማንም እንዳትነግሪብኝ።"
ፑሌጃውን ግን ማን ያውጣለት? ቶርኖ ያለው ልሳኑ ነው፤
ላሜራ የሚያጥፍለት፣ ግድግዳ የሚጋራው ደምለው፤
ወንፊቱን በድሪል የበሳች፣ ይታይሽ ናት፣ በማታ፤
ለያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ሰው፣ ለያንዳንዱ ሰው ሹክሹክታ።
ሸፍኖ ቢያሳድረውስ፣ ምን ይሠራል ሸራ?
በየቤቱ ተበትኖ፣ በየእጁ ነው የተሠራ።

ታኅሣሥ ላይ ሸራው ተገፈፈ። የበቆሎ መፈልፈያ!
ለማንኩሳ ገበሬ ጣት፣ ለዱላውም ማረፊያ።
ሞተሩ ተነሥቶ ፍሬው እንደ በረዶ ሲዘንብ፣
ሰፈሩ ሥራ ፈትቶ ቆመ፣ በሩን ከቦ እንደ ንብ።

ጥር ሳይጋመስ፣ ደምለው ደጅ ሁለተኛ ማሽን ቆመ፤
ጥርሱን ሰያፍ አርጎት፣ ቆረቆንዳ ሳያደቅ፣ ፊተኛውን የቀደመ።
እንየው መዶሻውን ጣለ። "ዘረፈኝ!" አለ፣ "ጎረቤቴ፣
በቆርቆሮ ቀዳዳ አይቶ፣ ሙያዬን ወሰደው ከቤቴ!"
ሰባት ቀን ሰላምታ ጠፋ። እኔ ሱቅ አብረው ቢመጡም፣
አንዱ ዳዶ ሲያስቆጥር፣ ሌላው ግድግዳ ያያል፤ አይጨባበጡም።

ልሳኑ ነው የተናገረው፤ ዋሸራ ቅኔ የቆጠረ፣
ኋላ ቶርኖ ላይ ተቀምጦ ብረት ሲያሾር የኖረ።
"እኛ ቤት" አለ፣ "'ዘረፈ' ሙገሳ ነው፣ ስድብ አይደለም፤
ቅኔ ይዘረፋል እንጂ፣ ቅኔ ዘራፊ ሌባ የለም።
ጓደኛዬ ሲቀኝ ሰምቼ፣ ማለዳ የኔን እዘርፋለሁ፤
ብቻዬን ዋሻ ብገባ፣ ያንኑ ያንኑ እደግማለሁ።
አንተስ እንየው፣ ያን ፑሌጃ፣ ከማን እጅ ነው ያገኘኸው?"
እንየው ዝም አለ። አንድ ዳዶ አንሥቶ፣ ጣቱ ላይ አሽከረከረው።

ሽንዲ፣ ካንድ መጋዘን ጥግ፣ ባሕር ተሻግራ የመጣች፣
አረንጓዴ፣ ውብ መፈልፈያ፣ በዕርዳታ የተሰጠች፣
አንድ ጥርሷ ወልቆ፣ ጥርሱን የሚያውቅ ጎረቤት አጥታ፣
ዶሮ ትታቀፍባታለች፣ ሆዷን በገለባ ሞልታ።
የኛዎቹ መልከ ጥፉ ናቸው። ቢሰበሩ ግን በገበያ ቀን፣
ሰባት በር ያውቃቸዋል፤ ማታ ጭነን እንሸኛቸዋለን።

አምና አርባ ኩሽኔታ በዓመት፤ ዘንድሮ አርባ በሳምንት።

ትናንት ማታ አምፖሌ ፈዘዘ። ጧት ደምለው መጣ፦ "አራት ኩሽኔታ፣
ትንንሾቹን። ለማንም እንዳትነግሪ።" አልኩት፦ "በጌታ!"
ሄደ። ቺንጋውን ሳልጠቀልል፣ እንየው በሩን ሞላው፤
ጉሮሮውን ጠራርጎ፦ "ስንት ገዛ? . . . ስፋቱስ፣ ስንት ነው?"