የመጥረጊያው እጀታ

ሰኔ ሲጋመስ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣
ጣራዬ ሜዳ ሆነ፣ እግር የሚንጋጋ።
ከበላዬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሦስት ልጆች አሉ፤
እናታቸው ሳትኖር ሲዘሉ ይውላሉ።
ዴኦሊንዳ ምን ታርግ? ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ፣
ሰርዲን በቆርቆሮ ስትደረድር ውላ፣ ትመጣለች ማታ።
ሽታዋ ይቀድማታል፣ ደረጃውን ሞልቶ፣
ከቁልፏ ድምፅ በፊት አፍንጫዬ ገብቶ።

ትልቋ ሊዮካዲያ ገና አሥራ ሁለት ዓመቷ፣
ቁልፍ ባንገቷ ላይ፣ ሞግዚትም ዳኛም እሷ ናት በቤቷ።
መንትዮቹ ደግሞ፣ ባልታዛርና ዜፈሪኖ፣
አንዱ ፈረስ ሲሆን ሌላው ጋላቢ ሆኖ፣
ከኩሽና ሳሎን፣ ከሳሎን ኩሽና፤
አምፖሌ ይወዛወዛል እንደ ቅዳሴ ጥና።

አርባ ዓመት ፖስታ ቤት ደብዳቤ የለየሁ፣
ጸጥታን በጡረታ ገንዘብ የገዛሁ፣
እኔ ኤርሚኒያ፣ ትዕግሥቴ ተሟጥጦ፣
በመጥረጊያ እጀታ፣ እጄ ተንቀጥቅጦ፣
ጣራውን ደበደብኩ።
ድው! ድው! ድው!

ጸጥ አለ። እንኳን እግር ትንፋሽም የለበት።
(ኮራሁ መሰለኝ፤ ልጅ አስደንግጬ፣ በሰባ ስድስት ዓመት።)
ከዚያ፣
ቀስ ብሎ፣ እንደ አይጥ፣ ከወለሉ ማዶ፣
ድው። ድው። ድው። አለ፣ መልሱ ከላይ ወርዶ።

ተናደድኩ። አራት መታሁ።
አራት መለሱ።
አምስት ስል አምስት፣ ስድስትም አደረሱ።
ሰባተኛው ላይ ግን፣ ምን ልዋሽ፣ እኔው ራሴ ሳቅኩ፤
ወንበር ላይ ቆሜ፣ ከነመጥረጊያዬ፣ ልወድቅ ስል ለጥቂት ተረፍኩ።

እንዲህ ነው የጀመርነው።
አንድ ምት፦ «ዝም በሉ፣ ዜና እየሰማሁ ነው።»
ሁለት፦ «አለሁ።»
ሦስት፦ «ዳቦ በማርማላታ ቀብቻለሁ፣ ውረዱ።»
አራት፦ «ዜፈሪኖ አለቀሰ።» አምስት፦ «ማን መታው?»
ስድስትን እነሱ ናቸው ያወጧት። ትርጉሟን ብጠይቅ
ሊዮካዲያ ከንፈሯን ነክሳ ወንድሞቿን አየች፤
እስካሁን አልተነገረኝም።

ሐምሌ ገባ።
ፀሐይ ማቶዚኞስን እንደ ዓሣ ጠበሰ፤
ባሕሩ ያለ አዋቂ ክልክል፣ ኳሱም ተነፈሰ፤
«ሰለቸን» የሚል ቃል
በጣራዬ ስንጥቅ፣ እንደ ቧንቧ ውኃ፣ ጠብ ጠብ ይላል።
ገመድና ቅርጫት ሰጠኋቸው። በመስኮት አወረዱ፦
«ለዶና ኤርሚኒያ፣
ከእግራችን በታች።
ብስኩት አለዎት?»
ቴምብር የለውም ብዬ መለስኩት።
የአርባ ዓመት ሕግ ለብስኩት ተብሎ አይሻርም፤
በማግሥቱ ድመት የተሳለበት ቴምብር መጣ፣ ድመቷ ጆሮ የላትም።
ማኅተም መታሁበት፣ ብስኩት ላክሁ፣ አራት፤
ሦስቱ አራተኛውን ለመካፈል ሲሟገቱ፣ እኔ ተኛሁ እስከ ምሳ ሰዓት።

ነሐሴ ጉም አመጣ፣ ከውቅያኖስ ተነሥቶ፣
መስኮቱን ጋረደው መንገዱን አጥፍቶ።
ያን ሳምንት ወርደው እኔ ኩሽና ሰፈሩ፤
ዱቄቴን በተኑ፣ ግድግዳዬን ቀቡ፣ የሆነ ነገር ጋገሩ።
ልጅ ያቦካው ለእራት አይሆንም ይላሉ፤
ሆነ። በላነው። ተረትና ምሳሌም አንዳንዴ ይዋሻሉ።

ዴኦሊንዳ አንድ ማታ በሬን አንኳኳች፣
ወረቀት ያልተለጠፈባቸው ሦስት ቆርቆሮ ይዛ፣ አንገቷን ሰበረች።
«አስቸገሩዎት አይደል?» አለች። «እነማን?» አልኳት፤
መጥረጊያዬን ከበሩ ጀርባ በእግሬ ገፋ አድርጌ ደበቅኳት።

መስከረም ጠባ።
ቦርሳ፣ ጫማ፣ ደረጃ፣ ሩጫ፣ ከዚያ ምንም።
አምፖሌ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ትንኝ እንኳ አይነካውም።
ይኸው የገዛሁት ጸጥታ።
ዜና ሰማሁ። ደግሜ ሰማሁት፣ ያንኑ ዜና።
በሦስት ሰዓት ወንበር ላይ ወጣሁ እንደገና፣
ሁለት መታሁ፦ «አለሁ።»
ትንሽ ቀለም ከጣራው ተቀርፎ ትከሻዬ ላይ ወደቀ።

ወርጄ ሽንኩርት ላጥኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኮቴ በደረጃው፣
ቦርሳ ሲወረወር፣ በር ሲላጋ፣
ከዚያ፣
ድው፣ ድው፣ ድው፣ ድው፣ ድው፣
(መጥረጊያዬን ይዤ፣ ወደ ላይ አንጋጥጬ)
ድው።