የቁልፍ ድምፅ

እቁቡ ደረሰኝ ሚያዝያ ሲጋመስ፤
ብሩን በጋዜጣ ጠቅልዬ በቸርችል ቁልቁል ወረድኩ፣ እስከ ስታዲየም ድረስ።
እናቴ ተከተለችኝ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ፣
«ብቻህን ይሸውዱሃል» ብላ፣ ስለ ዕቃው ምንም ሳታውቅ፣ ስለ ሻጭ ግን አውቃ።
በማዘጋጃ ቤቱ ደጅ ስናልፍ
ቀና ብላ አላየችም።

ዝርዝሩ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ሁለት ዓመት እየታጠፈ የዋለ፣
ስንቴ የተሰረዘ፣ ዶላር በጨመረ ቁጥር ዋጋው የዘለለ።
ፕሮሰሰሩ አያስቸግርም፤ ያው ነው የትም ሱቅ፤
ሳጥኑን ገልጠህ እግሩን ማየት ነው፤ ካልተጣመመ አትጨነቅ።
ራሙ ጥንድ ይሁን፤ ነጠላ በሬ አያርስም፤
ማዘርቦርዱም መብራት ስለበዛበት ብቻ ከጓደኛው አይበልጥም።

ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው ነገሩ የከበደው፤
ሦስተኛ ፎቅ፣ «በላስቲኩ ነው፣ አዲስ» ብሎ ኸይረዲን የማለው።
በስልኬ መብራት አጎንብሼ ማራገቢያውን አየሁ፤
ከክንፎቹ ሥር አቧራ ረግቷል፤ የሆነ መጋዘን ውስጥ ሌት ከቀን ቢትኮይን ሲቆፍር እንደከረመ ለየሁ።
«ወንድሜ፣ ይሄ ጡረታ ሊወጣ ነው» ብዬ መለስኩለት፤
ሳቀና ሌላ አመጣ፤ አሥራ ሁለት ሺህ ጨመረበት።
እናቴ ከጎኔ ዝም።
ጡረታ የሚለው ቃል ትንሽ የወጋት መሰለኝ።

ፓወር ሰፕላዩን በእጄ መዘንኩት፤
ሰባት መቶ ዋት ይላል ወረቀቱ፤ ክብደቱ ግን ሦስት መቶ ነው።
መብራት በኛ ሰፈር ሳይሰናበት የሚወጣ እንግዳ ነው፤
እዚህ ላይ የሚቆጥብ ሰው ካርዱንም አብሮ የሚቀብረው።
ሞኒተሩ ጠቁሮ ሲበራ አንዲት ቀይ ነጥብ ጥግ ላይ ቀረች፣ እንደ ቁንጫ።
መለስኩት። ሁለተኛው ንጹሕ ወጣ።

የዝርዝሩ መጨረሻ ኪቦርድ ነበር፤ የቀረኝ ብር ጥቂት።
«የፈለግኸውን ውሰድ» አለ ኸይረዲን፣ «ሁሉም ለመምታት።»
ያኔ ነው እናቴ ቦርሳዋን ባንኮኒው ላይ ያስቀመጠችው።

ወይዘሮ የውብዳር፣ ማዘጋጃ ቤት ሃያ ሰባት ዓመት ታይፒስት፣
የስንቱ ሰው ቦታ፣ የስንቱ ሰው ቤት
በሦስት ቅጂ በካርቦን በጣቷ ያለፈበት፣
ዐይኗን ጨፈነች። አሥሩን ጣት ዘረጋች።
የመጀመሪያውን መታች፤ «ይሄ አፉ ታፍኗል፤ ጭቃ መርገጥ ነው።»
ሁለተኛውን፤ «ይሄ ለፍላፊ፤ ሳይነኩት የሚጮኸው።»
ቀስተ ደመና የሚያበራውን ገና ሳትነካ፣ «ይሄ ለሰርግ ነው» አለች።
አራተኛው አቧራ የጠጣ፣ መብራት የሌለው፣
ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭቀጭ፤
ጣቷ እዚያው ቆየ።
«ይሄ ቃሉን ያከብራል። ሲወርድም ይነግርሃል፣ ሲመለስም ይነግርሃል።»
ከኋላችን የቆሙት ጎረምሶች ወሬያቸውን ተዉ፤
ኸይረዲንም ዋጋ ሊጠራ አፉን ከፍቶ፣ መልሶ ዘጋው።

ማታ ገጣጠምኩት። የሙቀት ቅባቱ የምስር ፍሬ ታህል።
አንዲት ብሎን ተረፈች፤ ከየት እንደሆነች እስካሁን አላውቅም።
መብራት ሁለቴ ጠፋ። በሦስተኛው ማራገቢያዎቹ ተነፈሱ።
ተጫወትኩ፣ ተጫወትኩና እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ወደቅኩ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የቀሰቀሰኝ ድምፅ ነው።
ጨዋታው አልተዘጋም፤ ወታደሬ ጠመንጃውን ይዞ ሣር ላይ ቆሟል፣ የሚያዘው የለም፤
አንድ የማላውቀው ተጫዋች ከታች ጽፏል፦
«ማነህ? ለምን አትተኩስም?»
እናቴ ወንበሬ ላይ ቀጥ ብላ፣ ክርኗን ሰብስባ፣ መነጽሯን አውልቃ።
ጣቷ የድሮውን ቦታ ይሄዳል፤ ሌላ ፊደል ይወጣል፤
ትሰርዛለች።
ያለ ነጭ ቀለም፣ ያለ አዲስ ወረቀት፣ ያለ ተግሣጽ፤
መሰረዝ እንዲህ ቀላል መሆኑ ገና አልለመደላትም።
እንደገና ትመታለች፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀስ ብላ፦

ለሚመለከተው ሁሉ፤
ጉዳዩ፦